የኮሮላዬ ጎማ ሴንሰሮች፦ የሥራ ማስታወሻ ከሱሉልታ

ሰኞ ጠዋት

መብራቱ ዛሬም አለ። ቁልፉን ስከፍት ቢጫዋ የጎማ ምልክት፣ ያቺ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያላት፣ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትላለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ትበራለች፣ ቤት እስክመለስም አትጠፋም።

መኪናዋ በፈረንጆች የ2010 ኮሮላ ናት፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ዕቃ ስንፈልግ ዋጋ አለው።

ብልጭ ድርግሙ ትርጉም አለው። ጎማ ንፋስ ሲጎድለው መብራቱ ሳያብለጨልጭ ዝም ብሎ ይበራል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ አብለጭልጮ ከዚያ ሲበራ ግን የታመመው ጎማው ሳይሆን መልእክተኛው ነው። በየጎማው ውስጥ ንፋሱን እየለካ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገር ሴንሰር አለ፣ ኮምፒውተሩ ከአንዱ ወይም ከሌላው ወሬ አጥቷል። ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ጎሚስታ ጋር ሄዶ ንፋስ ይሞላል። መብራቱ እምቢ ሲል ይጨምራል። 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያው ነው) አስነፍቶ በኮብልስቶን ላይ እየዘለለ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ሌላው የአገር መፍትሔ ጥቁር ፕላስተር ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ መለጠፍ።

እኔ ግን ጌጅ፣ የንፋስ መለኪያ፣ አለኝ። መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ሳሩ ላይ ውርጭ እያለ ለካሁ። ፊት 32 እና 31፣ ኋላ ሁለቱም 31። በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 32 ይላል። ስለዚህ ጎማዎቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ሴንሰር ነው።

የተሽከርካሪ ዕድሜን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም። ሴንሰሩ ቸርኬው ውስጥ፣ ከቫልቩ ሥር ታስሮ የተቀመጠ ትንሽ ሬዲዮ ነው። የሊትየም ባትሪ አለው። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ከሴንሰሩ ጋር በማጣበቂያ ስለታሸገ ባትሪውን ብቻ ለይቶ መቀየር አይቻልም። እነዚህ ከፋብሪካ ከወጡ ቆይተዋል፣ የጡረታ ጊዜያቸውንም አልፈዋል።

ማክሰኞ ማታ

«ሪሴት ቁልፍ አለው፣ ተጫኚው» አለኝ ጎረቤቴ። አለው፣ በጓንት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ለፊት ባለው መሳቢያ። ግን መጫን ምን ይጠቅማል? ይህን ነገር አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ስለሆነ።

በዚህ መኪና ላይ ያ ቁልፍ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። «አሁን ጎማዎቹ ውስጥ ያለው ንፋስ ልክ ነው፣ ከዚህ በብዙ ሲወርድ ንገረኝ» ይላል ለኮምፒውተሩ። የሞተ ሴንሰር አያስነሳም። አዲስ ሴንሰርም አያስተዋውቅም። ይባስ ብሎ፣ ጎማው 24 ላይ እያለ ቁልፉን ከተጫናችሁ መብራቱ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም 24ን እንደ ልክ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ጎማው ሊሞት ሲል ነው። መብራቱን ለማጥፋት ብቻ ቁልፉን የሚጫኑ ጋራዦችን የማልወደው ለዚህ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ሥርዓት በሕግ ያስገደዱት በፈረንጆች 2000 በወጣ ሕግ መነሻነት ነው። የፋየርስቶን ጎማ የገጠመላቸው የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪናዎች እየተገለበጡ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ማለት ነው። በፈረንጆች ከመስከረም 2007 ጀምሮ የተሠሩ ትንንሽ መኪናዎቻቸው ሁሉ ይህን መብራት ይዘው ይወጣሉ። ደንቡ ንፋሱ ከተመከረው በሩብ ሲጎድል ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው ይላል። የ32 ሩብ 8 ነው፣ ስለዚህ 24።

ሐሙስ፣ ሶማሌ ተራ

ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ ሶማሌ ተራ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለማንኛውም ገባሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያገለገለ አቀረበልኝ።

«እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው። ከራሱ ከኮሮላ የወጣ።»

«ስንት ዓመት ሠርቷል?»

«እሱን እንግዲህ ማን ያውቃል።»

ሐቀኛ ነው፣ ወደድኩት። ግን ዕድሜው የማይታወቅ ባትሪ ለመግጠም ብዬ አራት ጎማ አላስፈታም። በዚህ ሥራ ውድ የሚሆነው ጎማ ማስፈታቱና ድካሙ ነው፣ ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ያንን ድካም እንደገና ያስከፍላል።

ሁለተኛው ሱቅ አዲስ አለው፣ በካርቶን። ካርቶኑ ላይ 433 ይላል። መለስኩለት። ሻጩ «ያው ነው፣ ቫልቩ ልክ ይገባል» አለ። ቫልቩማ ይገባል። ሬዲዮው ነው የማይግባባው። ለአውሮፓ የተሠሩ መኪናዎች ሴንሰር በ433 ሜጋኸርዝ ይናገራል። ለአሜሪካ የተሠራችው የእኔ ኮሮላ የምታዳምጠው 315 ላይ ነው። በአንድ ጣቢያ የሚያወራን ሰው በሌላ ጣቢያ መጠበቅ ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዱባይም፣ ከአውሮፓም፣ ከአሜሪካም የመጣ አንድ ዓይነት ቶዮታ ጎን ለጎን ስለሚቆም ይህን ቁጥር ሳያዩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ማታ አሜሪካ ላለችው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት፦ ሞዴሉን፣ ዓመቱን፣ 315 የሚለውን። ለገና ልትመጣ ነው። በፕሮግራም የሚሞሉ፣ ሁለቱንም የሬዲዮ ድግግሞሽ፣ 315ንም 433ንም፣ የሚችሉ ባዶ ሴንሰሮች አሉ። እነሱን ይዛልኝ ትመጣለች።

ቅዳሜ ከሰዓት

ሴንሰር እስኪመጣ የትኛው እንደሞተ ልወቅ ብዬ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አስመጣሁ። የጎማ ሴንሰር የሚያነብ መሣሪያ አለው። ሽጉጥ የምታክል ነገር ናት።

ሴንሰሩ መኪናው ሲቆም ይተኛል፣ ባትሪ ለመቆጠብ። ሲነዱት ይነቃል። መሣሪያው ሳይነዳም ይቀሰቅሰዋል፣ ከቫልቩ አጠገብ አስጠግቶ በ125 ኪሎኸርዝ ምልክት ይልክለታል። የነቃው ሴንሰር መለያ ቁጥሩን፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ የባትሪውን ሁኔታ ይናገራል።

ፊት ቀኝ መለሰ። ፊት ግራ መለሰ፣ ባትሪው ግን ደካማ ይላል። ኋላ ቀኝ መለሰ። ኋላ ግራ ዝም። ልጁ መሣሪያውን አዞረው፣ ጎማውን ትንሽ አሽከረከርን፣ እንደገና ሞከረ። ዝም።

«ይሄ ሞቷል፣ እትዬ» አለ ወደኔ ዞሮ። ከዚያ በጣም የወደድኩትን ነገር አደረገ። ገመዱን ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ሰካና በኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገቡትን አራት መለያ ቁጥሮች አወጣ። ሦስቱ ከተናገሩት ጋር ተጣጣሙ። የቀረው አራተኛው የሟቹ ነው ማለት ነው። ጎማ ሳይፈታ ቁጥሩን አገኘን።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ኮምፒውተሩ በር ላይ ስም ዝርዝር ይዞ እንደሚቆም ዘበኛ ነው፣ ያልተመዘገበ ሴንሰር ቢጮህም አይሰማውም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲሶቹን ቁጥሮች በኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ ነው። ሌላው የድሮውን ቁጥር አዲሱ ሴንሰር ላይ መገልበጥ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ለውጥ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ሁለተኛውን መረጥን። ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፍኩና በጓንት ኪሱ ውስጥ አስቀመጥኩ።

አንድ ብቻ መቀየር ይቻል ነበር። ግን አራቱም የአንድ ቀን ልደት ናቸው። አንዱ ሞቶ፣ አንዱ እያጣጣረ ነው። አራቱንም እቀይራለሁ።

ከገና በኋላ

ሴንሰሮቹ ደረሱ። ልጁ ጠረጴዛ ላይ በየተራ ደርድሮ ቁጥሮቹን ገለበጠባቸው። በፍጥነት አለቀ። እኔ በእያንዳንዱ ላይ በማርከር «ፊ-ቀ፣ ፊ-ግ፣ ኋ-ቀ፣ ኋ-ግ» ብዬ ጻፍኩ። ለዚህች መኪና ቦታው ብዙም ለውጥ የለውም፣ ዳሽቦርዱ አንድ መብራት ብቻ እንጂ የትኛው ጎማ እንደሆነ አያሳይም። ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ብናዟዙርም ምንም አይሆንም። ማየት ደስ ስለሚል ነው የጻፍኩት።

ጎሚስታው ጋር

ሰፈር ያለው ጎሚስታ በእጅ ነው የሚፈታው፣ በብረትና በመዶሻ። ለተራ ጎማ እጁ ወርቅ ነው። ለዚህ ግን ማሽን ያለው ጋር ወረድኩ። ሴንሰሩ ፕላስቲክ ነው፣ ብረቱ አንዴ ከነካው አለቀ።

ሥራ ሳይጀመር አንድ ነገር አስቀድሜ ተናገርኩ፦ «ሴንሰር አለው፣ ከቫልቩ ራቅ አድርገህ ክፈተው።» ጎሚስታው ፈገግ አለ። «አውቃለሁ እትዬ፣ ጀርመን መኪናም እዚህ ነው የሚሠራው።» ደህና።

መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት አምስቱንም ዳዶ መሬት ላይ እንዳለ አላላ፣ በ21 ቁልፍ። ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አስወጣ። ከዚያ የማሽኑ ምላጭ ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ቫልቩ በተቃራኒው በኩል እንዲሆን አድርጎ አዞረው። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ሴንሰሩ ያለበት ከቫልቩ ሥር ስለሆነ ምላጩ እዚያ አካባቢ ከተጫነ ይሰብረዋል።

ጎማው ሲከፈት ኋላ ግራ ውስጥ የደረቀ ነጭ ነገር አገኘን። ቀዳዳ ለመድፈን የሚፈስ ፈሳሽ ነው። መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት የነበረው ሰው ሞልቶት ይሆናል። ፈሳሹ የሴንሰሩን የግፊት ቀዳዳ ይዘጋዋል። ባትሪው ባይሞት እንኳ ይህኛው ሴንሰር እውነቱን አይናገርም ነበር። ቸርኬው በደንብ ታጠበ።

አሮጌው ሴንሰር ከውጭ በአንዲት ዳዶ ነው የተያዘው። ቫልቩ አሉሚኒየም ነው፣ ሥሩ ላይ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ አንዴ ተጨምቆ ስለኖረ ዳግም አይታመንም። አዲሶቹ ከአዲስ ላስቲክ ጋር ነው የመጡት። ሴንሰሩ በገባ ቁጥር ዳዶዋን በትንሿ ቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በምትለካው፣ 4 ኒውተን ሜትር አጠበቅን። አራት ብቻ። ጎሚስታው በጣም ላላ ነው ብሎ ጨምሮ ሊያጠብቃት ነበር፣ እጁን ያዝኩት። ከዚያ በላይ ላስቲኩን ይቆርጠዋል ወይም አሉሚኒየሙን ይሰነጥቀዋል፣ ጎማውም ከሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።

በቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሿ መርፌም ነገር አላት። ተራዋ የነሐስ መርፌ አሉሚኒየም ቫልቭ ውስጥ ስትቀመጥ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ይበላላሉ፣ ይያያዛሉ። ከዚያ መርፌዋን ለመንቀል ስትሞክሩ ቫልቩ ተሰብሮ ይወጣል፣ ሴንሰሩም አብሮ ይሄዳል። ለእነዚህ የኒኬል ቅብ ያላት መርፌ ናት የምትገባው። ክዳኑም እንደዚያው፣ የፕላስቲክ ይሁን። ለጌጥ ብለው የነሐስ ክዳን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በክረምት ጭቃና ዝናብ ካለፈበት በኋላ ያንን ክዳን የሚፈታው መጋዝ ነው።

ጎማው ተመልሶ ሲገባም ያው ጥንቃቄ ነው፣ የመጨረሻው ጠርዝ ከሴንሰሩ ርቆ እንዲገባ ማድረግ። ተነፋ። በኦሞ አረፋ ቫልቮቹን ቀባናቸው፣ አረፋ የሚነፋ የለም። ባላንስ ተደረገ፣ ሴንሰሩ ክብደት ስላለው ይህ አይዘለልም። ዳዶዎቹ በኮከብ ቅርጽ እየተሻገሩ ታሰሩ፣ በትልቁ ቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር።

ሁሉንም 34 አስሞላሁ። ልክ ነው የምለውን አይደለም፣ ትርፍ ነው። ምክንያቱም ጎማው ሞቋል። ልኩ ቤት ነው የሚወጣው።

«ሪሴት አናደርገውም?» አለ ጎሚስታው። ነገ አልኩት።

ማግስቱ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

መኪናዋ ሌሊቱን ውጭ አድራለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለሪሴት የሚፈለገው ይህ ነው፣ ቀዝቃዛ ጎማ። አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር ቢያንስ ሦስት ሰዓት ለቆመ መኪና ነው። ሙቀት በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በጥር ሱሉልታ ጠዋትና ከሰዓት በ15 ዲግሪ ቢለያዩ አይደንቅም። ስለዚህ በጠዋት 32 ያለው ጎማ ቀትር ላይ ከ34 በላይ ሊያነብ ይችላል፣ ሳይነካ። ጎሚስታ ጋር ከሰዓት 32 አስሞልቶ በማግስቱ ጠዋት 29 የሚያገኝ ሰው ጎማው የሚያፈስ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ አያፈስም።

ጌጄ 33፣ 33፣ 33፣ 32 አነበበ። ትርፉን እየለቀቅኩ ሁሉንም 32 አደረግኳቸው።

ከዚያ ሪሴት። መኪናው ቆሞ፣ ሞተር ሳይነሳ የማስነሻ ቁልፉን እስከ ሁለተኛው ደረጃ ከፈትኩ። የጓንት ኪሱን ከፍቼ የሪሴቱን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። መብራቷ ቀስ እያለች ሦስት ጊዜ ብልጭ አለች። ለቀቅኩ። ጥቂት ደቂቃ እንደተከፈተ ተውኩት፣ ከዚያ ዘጋሁ። እንደገና ሳስነሳ መብራቷ ለአፍታ በርታ ጠፋች።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሴንሰር፣ ከዚያ ንፋስ በብርድ፣ ከዚያ ቁልፍ። ቁልፉ መጨረሻ ነው። ማክሰኞ ዕለት ጎረቤቴ እንዳለው ብጀምር ኖሮ ያው መብራት እስከ ዛሬ ይበራ ነበር።

28 ነው ወይስ 32?

ልጁ ሥራውን ሊያይ መጣ፣ መሣሪያውን ይዞ። አራቱም ሴንሰሮች መለሱ። ግን ግፊታቸው 28 ይላል። የእኔ ጌጅ 32። ልጁ ጌጄን ጠረጠረ። ሌላ ጌጅ አመጣን፣ እሱም 32።

ማንም አልዋሸም። የእጅ ጌጅ የሚለካው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሴንሰሩ ግን ጎማው ውስጥ ስለተቀመጠ ውጭውን አያይም፣ ጠቅላላውን ግፊት ነው የሚለካው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዚያ ላይ የባሕር ወለል የአየር ግፊትን፣ 14.7 ፒኤስአይን፣ ቀንሰው ያሳያሉ። እኛ ግን ባሕር ዳርቻ አይደለንም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእሷም ከፍ ትላለች። እዚህ የውጭው አየር ግፊት ከ11 በታች ነው። ልዩነቱ 4 ገደማ ይመጣል። 32 ሲቀነስ 4፣ 28።

ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮሮላዋ ሪሴት ሲደረግ ያነበበችውን ራሱን እንደ ልክ ስለምትይዝ ልዩነቱ አብሮ ይገባል፣ አያስቸግራትም። ግፊቱን በቁጥር በስክሪን የሚያሳዩ መኪናዎች ግን አሉ። የጎረቤቴ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና እንደዚያ ነው። ነዳጅ የሚጠጡ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፈሩ በእነሱ ተሞልቷል። እሱ ስክሪኑ ዝቅ ብሎበት በየሳምንቱ ንፋስ ይጨምራል። ጌጄን ሰጥቼው አስለካሁት፣ ከሚገባው በላይ ነፍቶታል። «ስክሪኑን ልመን ወይስ ይህን ሦስት ክንድ ብረት?» አለኝ። ጌጄ ሦስት ክንድ አይደለም፣ ግን እሱን እመን አልኩት።

ከዚያ ወዲህ

መብራቷ አልተመለሰችም። ወደ ጎጃም ስንወርድም አየኋት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፍሬኑም ቸርኬውን ያሞቀዋል። ወንዙ አጠገብ ቆመን ለካሁ፣ 35። አብረውኝ የነበሩት አጎቴ «ትንሽ አስተንፍሺለት፣ ይፈነዳል» አሉ። አልነካሁትም። የሞቀ ጎማ ከፍ ማለቱ ደንብ ነው፣ እዚያ አስተንፍሼ ቢሆን በማግስቱ ጠዋት ደጀን ላይ ጎማዎቼ ጎድለው ነበር የማገኛቸው። እንዲያውም ታች የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ ከሁለት በላይ ቀንሶ ነው ያነበበው። ያለዚያ 37 ይል ነበር።

የቀረኝ ስኮርታው ነው። ተራ የላስቲክ ቫልቭ ነው ያለው፣ ሴንሰር የለውም። ጎማ ወግቶኝ እሱን ከገጠምኩ ኮምፒውተሩ አንዱን ቁጥር አጥቶ ከቆየ በኋላ ያንን የአንድ ደቂቃ ብልጭታ ይጀምራል። ለእሱ አምስተኛ ሴንሰር አልገዛም። የተወጋው ጎማ ተጠግኖ ሲመለስ በራሱ ይጠፋል፣ ቁልፉንም መጫን አያስፈልግም። ለባለቤቴም ይህንኑ ነግሬዋለሁ፣ ቁጥሮቹ ካሉበት ወረቀት ጀርባ ላይም ጽፌዋለሁ።